የሰከላው የጦርነት ዘመን አውሮፕላን ሜዳና ገበሬው መኮንን

ኅዳር 11 ቀን 1933 ዓ.ም ከካርቱም የተነሣች አንዲት የብሪታንያ አውሮፕላን በጎጃም ደጋ፣ በሰከላ ምድር በሚገኝ ሜዳ ላይ አረፈች። ድርብ ክንፍና አንድ ሞተር ያላት፣ ለዘመኑም ቢሆን አሮጌ የምትባል አውሮፕላን ነበረች። በዚያን ወቅት ቡሬ፣ ደምበጫ፣ ዳንግላ፣ እንጅባራ፣ ባሕር ዳርና ደብረ ማርቆስ በጣሊያን ጦር እጅ ነበሩ። በእነዚህ ሁሉ ምሽጎች መካከል የአርበኞችን ወገን የሚረዳ አውሮፕላን ማሳረፍ ቀላል ነገር አልነበረም።

አውሮፕላኗን ያበሩት ኮሊስ የተባሉ የብሪታንያ አየር ኃይል መኮንን ሲሆኑ፣ ያመጧቸውም ሻለቃ ኦርድ ዊንጌት ነበሩ። በሜዳው አካባቢ ሰፍረው የጠበቋቸው ሰው ደግሞ በዕድሜ 58 ዓመት የሞላቸው፣ በሙያ መድፈኛ፣ በኑሮ ገበሬ የሆኑ እንግሊዛዊ ነበሩ። ስማቸው ዳንኤል ሳንድፎርድ ይባላል። ዛሬ አዲስ አበባ ውስጥ ሳንድፎርድ በሚለው ትምህርት ቤት ስማቸው ይታወቃል፤ ጎጃም ውስጥ የሠሩት ሥራ ግን ከትምህርት ቤቱ ስም ያነሰ ነው የሚነገረው።

ሳንድፎርድ በ1874 ዓ.ም በእንግሊዝ አገር ከካህን ቤተሰብ ተወለዱ። በወታደር ትምህርት ቤት የመድፈኝነት ሙያ ተምረው በሕንድና በኤደን አገልግለዋል። ኢትዮጵያን ለመጀመሪያ ጊዜ ያዩት በዐፄ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት ማብቂያ አካባቢ ነበር። በአንደኛው የዓለም ጦርነት በፈረንሳይ ግንባር ተዋግተው ከፍተኛ የጀግንነት ኒሻን ተሸለሙ። ጦርነቱ ካበቃ በኋላ ግን እንደ ብዙዎቹ ጓደኞቻቸው በአገራቸው አልተቀመጡም። በ1910ዎቹ ከባለቤታቸው ከክሪስቲን ጋር ወደ ኢትዮጵያ መጥተው ኑሯቸውን እዚሁ አደረጉ።

የመረጡት ቦታ ከአዲስ አበባ በስተሰሜን፣ በሙገር ሸለቆ አፋፍ የሚገኘው ሙሎ ነው። በዚያም እርሻ መሠረቱ፤ ልጆቻቸውንም በዚያው አሳደጉ። ገበሬ ሆነው መኖራቸው ከሹማምንት ጋር ብቻ ሳይሆን ከባላገር ጋር አገናኛቸው። የበሬ ዋጋ፣ የእህል ዘር፣ የዝናም መዘግየት፣ የመሬት ክርክር ለእነርሱም የዕለት ጉዳይ ሆነ። አማርኛን ተምረዋል፤ የአገሩን የአክብሮት ሥርዓትም ዐውቀዋል። ከብዙ ዓመታት በኋላ በጎጃም የጠቀማቸው ይህ ዕውቀት ነው።

በ1927 ዓ.ም በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ በምትገኘው በማጂ ለአገረ ገዢው አማካሪ ሆነው ተሾሙ። ብዙም ሳይቆይ የጣሊያን ወረራ መጣ። አዲስ አበባ በ1928 ዓ.ም ስትያዝ ሳንድፎርድም አገሩን ለቀው ወጡ። በእንግሊዝ አገር፣ ጊልድፎርድ በምትባል ከተማ ይሠራ ለነበረ ካቴድራል የገንዘብ ኃላፊ ሆነው ተቀመጡ። ያለሙት እርሻና የኖሩበት አገር በወራሪ እጅ ነበር፤ ንጉሠ ነገሥቱም በዚያው በእንግሊዝ አገር ባዝ በምትባል ከተማ በስደት ይኖሩ ነበር።

ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲጀመር የብሪታንያ የመካከለኛው ምሥራቅ ጦር አዛዥ ጄኔራል ዌቬል ሳንድፎርድን ወደ ካይሮ አስጠሩ። ጣሊያን ወደ ጦርነቱ ከገባች የኢትዮጵያን አርበኞች ከውጭ እንዴት መርዳት እንደሚቻል እንዲያጠኑ ተሰጣቸው። ጣሊያን በሰኔ 1932 ዓ.ም ጦርነት ስታውጅ ዕቅዱ ወደ ሥራ ተቀየረ። የተልዕኮው ስም 101 ተባለ፤ ስሙ የተወሰደው ከመድፍ ጥይት መለኮሻ ነው። መለኮሻ ትንሽ ናት፤ የምታስነሣው ግን ትልቁን ባሩድ ነው። ባሩዱ በጎጃም፣ በበጌምድርና በሌሎችም አካባቢዎች ለአራት ዓመት ያህል ያለ ረዳት ሲዋጋ የኖረው አርበኛ ነበር።

ነሐሴ 6 ቀን 1932 ዓ.ም ሳንድፎርድና ጥቂት ባልደረቦቻቸው የሱዳንን ድንበር ተሻግረው ኢትዮጵያ ገቡ። ከመካከላቸው ሐኪም፣ የሬዲዮ ባለሙያና የንጉሠ ነገሥቱ እንደራሴ የሆኑት አዛዥ ከበደ ተሰማ ነበሩ። ከበደ ተሰማ በኋላ ደጃዝማች ሆነው የዘመኑን ታሪክ በመጽሐፍ ያቆዩ ሰው ናቸው። ጊዜው የክረምቱ እምብርት ነበር። ነሐሴ ላይ ከቆላ ወደ ደጋ በበቅሎና በአህያ መጓዝ ምን ማለት እንደሆነ የጎጃም ገበሬ ያውቀዋል። ወንዙ ሞልቶ፣ ጥቁሩ አፈር ጭቃ ሆኖ፣ ጭነቱ ርሶ፣ እንስሳው እየወደቀ ነው የሚኬደው። ጣሊያኖችም እንግዶች መግባታቸውን ሰምተው ጦር አስከትለውባቸው ነበር። ቢሆንም ተልዕኮው የጎጃምን አፋፍ ወጥቶ በመስከረም 1933 ዓ.ም ሰከላ አካባቢ፣ ፋጉታ በተባለው ስፍራ ደረሰ።

ሰከላ የግሽ ዓባይ አገር ናት። ከደምበጫ በስተሰሜን ምዕራብ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ትገኛለች። አካባቢው ያኔ በደጃዝማች መንገሻ ጀምበሬ ሥር ባሉ አርበኞች የተያዘ ነበር። በቡሬና በዳሞት በኩል ደግሞ የንጉሥ ተክለ ሃይማኖት የልጅ ልጅ የሆኑት ደጃዝማች ነጋሽ በዛብህ ይዋጉ ነበር። ሁለቱም ለአንድ አገር የሚዋጉ ነበሩ፤ እርስ በርሳቸው ግን አይተማመኑም ነበር። የአንዱ ሰው በሌላው ግዛት አያልፍም፤ አንዱ ሲጠቃ ሌላው ቶሎ አይደርስም። ጣሊያን ያንን ልዩነት ያውቅ ነበር፤ ይጠቀምበትም ነበር።

ሳንድፎርድና አዛዥ ከበደ ቀድመው የሠሩት ሥራ መሣሪያ ማደል ሳይሆን ማስታረቅ ነበር። በዚያው በመስከረም ወር ሁለቱ ደጃዝማቾች በጠላት ላይ ተባብረው ለመዋጋት ተስማሙ። ስምምነቱ ቅራኔውን ሁሉ አላጠፋውም፤ ነገር ግን መንገድ ከፈተ። መልእክተኛ ከአንዱ ወገን ወደ ሌላው ያለ ስጋት ማለፍ ጀመረ። እህል የሚጫንበት በቅሎ ተገኘ። ተልዕኮው ለሚገዛው ነገር በጠገራ ብር ይከፍል ነበር፤ ገበያውም የጣሊያንን ሊሬ ሳይሆን የሚያምነው ያንኑ ብር ነበር።

የአውሮፕላኑ ሜዳ የተገኘው ከዚህ ዕርቅ በኋላ መሆኑ ልብ ሊባል ይገባል። በዚያ ዘመን አውሮፕላን ለማሳረፍ አስፋልትም፣ የማሽን ድልዳሎም አልነበረም። እንዲህ ያለ ሜዳ የሚሠራው የግጦሽ ወይም የእርሻ መሬት ተመርጦ፣ ድንጋዩ ተለቅሞ፣ ጉድጓዱ ተደፍኖ፣ ቁጥቋጦው ተመንጥሮ ነው። ከዚያ ሁሉ በላይ ግን የሚያስፈልገው የአካባቢው ሰው ነው። በዙሪያው ያለው ሕዝብ ጠላት ከሆነ ሜዳው ወጥመድ ይሆናል፤ ወዳጅ ከሆነ ግን ከምሽግ ይጠነክራል። የሰከላው ሜዳ ሽቦ አጥር አልነበረውም፤ አጥሩ በዙሪያው የሰፈረው አርበኛና ገበሬ ነበር።

ኮሊስ ያረፉበት ሜዳ አጭርና ወጣ ገባ ነበር፤ ጫፉም ወደ ገደል ይወስድ ነበር። ከማረፍ ይልቅ መነሣቱ የከፋ ነው። በከፍተኛ ደጋ ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ የሞተሩ ጉልበት ይቀንሳል፤ ክንፉንም የሚደግፈው አየር ያንሳል። ስለዚህ በቆላ በአጭር ርቀት የምትነሣ አውሮፕላን በ2,700 ሜትር ላይ እጅግ ረዘም ያለ መንደርደሪያ ትፈልጋለች። የሰከላው ሜዳ ያን ያህል ርዝመት አልነበረውም። ቢሆንም አውሮፕላኗ ሁለት ቀን ያህል ቆይታ ዊንጌትን ይዛ ወደ ካርቱም በደኅና ተመለሰች።

በእነዚያ ሁለት ቀናት ሳንድፎርድና ዊንጌት ብዙ ተወያዩ። ሁለቱም ንጉሠ ነገሥቱ በጎጃም በኩል መግባት እንዳለባቸው ተስማምተዋል። በአንድ ነገር ግን አልተግባቡም። ሳንድፎርድ መሣሪያው ለአርበኞች በብዛት ይሰጥ የሚል አቋም ነበራቸው፤ አራት ዓመት ያለ ረዳት የተዋጋ ሰው ጠመንጃ ቢያገኝ የሚያደርገውን ያውቃል ብለው ያምኑ ነበር። ዊንጌት ደግሞ መሣሪያ ከማደል ይልቅ በሚገባ የሠለጠኑና ጥቂት ቁጥር ያላቸው ቡድኖች ከፊት ሆነው ቢዋጉ ሕዝቡ አይቶ ይከተላል ይሉ ነበር። ልዩነቱ የጦር ስልት ብቻ አልነበረም፤ ድሉ የማን ነው የሚለውም ጥያቄ ከውስጡ ነበረበት።

ጣሊያኖችም እጃቸውን አጣጥፈው አልተቀመጡም። የሰሜን ምዕራቡን ግዛት የያዙት ጄኔራል ናዚ የጎጃምን የቆየ ገዢ ራስ ኃይሉ ተክለ ሃይማኖትን ወደ ደብረ ማርቆስ መልሰው ሕዝቡን ከአርበኞች ለመነጠል ሞከሩ። ስሙ ከባድ ነበር፤ ልባቸው ለሁለት የተከፈለ ሰዎችም አልጠፉም። አውሮፕላን ከውጭ መጥቶ በአርበኞች ምድር ማረፉ የጠቀመው እዚህ ላይ ነው። ከጠመንጃው ይልቅ ወሬው ራቀ። ለአራት ዓመት ሰማዩ የጣሊያን ብቻ ነበር፤ ከሰማይ የሚመጣውም ቦምብና መርዝ ነበር። አሁን ግን ወዳጅ የሆነ አውሮፕላን በደጋው ላይ መንኮራኩሩን አሳረፈ።

ከሁለት ወር በኋላ፣ ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ኦሜድላ ላይ የኢትዮጵያን ምድር ረገጡ። ከዚያም በበላያ ተራራ በኩል ወደ ደጋው ጉዞ ተጀመረ። ለዚህ ዘመቻ የተሰበሰቡት ግመሎች 15,000 ያህል ነበሩ። ግመል የበረሃ እንስሳ ነው፤ የደጋው ብርድ፣ አቀበቱና ያልለመደው ግጦሽ ፈጀው። ከዚያ ሁሉ ግመል አዲስ አበባ የደረሰው እጅግ ጥቂት ነበር፤ መንገዱን ተከትሎ ሬሳቸው ተበትኖ ቀረ። ያን የጭነት ችግር ያየ ሰው አንድ የማረፊያ ሜዳ በደጋ ላይ ምን ያህል ዋጋ እንደነበረው ይረዳል። የጎጃም ገበሬ በቅሎና አህያ ባይጨመርበት ኖሮ ዘመቻው ከአፋፉ በላይ መዝለቅ ይቸግረው ነበር።

በዚህ ጊዜ የሁለቱ መኮንኖች ሥራ ተለየ። ሳንድፎርድ የንጉሠ ነገሥቱ አማካሪ ሆኑ፤ ዊንጌት ደግሞ ጌዴዎን የተባለውን ጦር መርተው በቡሬ በኩል ወረዱ። ጦሩ የኢትዮጵያና የሱዳን ወታደሮችን የያዘ ሲሆን ከጠላት ጋር ሲነጻጸር ቁጥሩ ትንሽ ነበር። በኮሎኔል ናታሌ የሚመራው የጣሊያን ጦር ቡሬን ለቅቆ ወደ ደምበጫ ሲያፈገፍግ የካቲት 27 ቀን 1933 ዓ.ም በመንገዱ ላይ ባለ ወንዝ ዳር ያልጠበቀው ውጊያ ገጠመው። ወንዙን የያዙት ከስደተኞች መካከል ተመልምለው የሠለጠኑ 300 ያህል የኢትዮጵያ ወታደሮች ነበሩ። የጠላት ጦር በብዙ ሺህ የሚቆጠር፣ ብረት ለበስ መኪናና አውሮፕላን ያለው ነበር። ወታደሮቹ ለሰዓታት ተዋግተው ብዙዎቹ ወደቁ፤ የጠላት ጦርም በብዛቱ ጥሶ አለፈ። ሆኖም ከደረሰበት ጉዳትና ድንጋጤ የተነሣ ደምበጫ ላይ ጸንቶ አልቆመም፤ ምሽጉን ለቅቆ ወደ ደብረ ማርቆስ ሄደ። በዚህ ዓይነት ደምበጫ ከጠላት እጅ ወጣች።

መጋቢት 28 ቀን ንጉሠ ነገሥቱ ደብረ ማርቆስ ገቡ፤ ሚያዝያ 27 ቀን ደግሞ አዲስ አበባ ደረሱ። ጦርነቱ ወደ ፊት በሄደ ቁጥር የሰከላው ሜዳ ከኋላ ቀረ። በቡሬና በሌሎች ከተሞች ከጠላት የተያዙ የተሻሉ ሜዳዎች ስለተገኙ ወደ ግሽ ዓባይ አቀበት የሚመለስ አብራሪ አልነበረም። ሰከላ መደበኛ የአውሮፕላን ማረፊያ ሳትሆን ቀረች።

ለሳንድፎርድ ግን ከባዱ ጊዜ የመጣው ከድሉ በኋላ ነው። ብሪታንያ ኢትዮጵያን ከጠላት እንደተያዘ ግዛት ቆጥራ በወታደራዊ አስተዳደር ልትገዛት ሞከረች። በዚያ አስተዳደር ከከፍተኛዎቹ ሹማምንት አንዱ የሳንድፎርድ የባለቤታቸው ወንድም ሞሪስ ለሽ ነበሩ። ሳንድፎርድ በአንድ በኩል የትውልድ አገራቸው መኮንን፣ በሌላ በኩል የንጉሠ ነገሥቱ አማካሪ ሆነው በሁለት እሳት መካከል ቆሙ። ኢትዮጵያ ነጻ መንግሥት መሆኗ እንዲታወቅ ወገን ይዘው ሠሩ፤ በዚህም ከአገራቸው ሹማምንት ቅሬታ አልጎደለባቸውም።

ጥር 23 ቀን 1934 ዓ.ም የተፈረመው ስምምነት የኢትዮጵያን ነጻነት ዐወቀ፤ ነገር ግን ብዙ ገደብ ነበረበት። ከገደቦቹ አንዱ የሰማዩ ጉዳይ ነበር። የብሪታንያ የጦር አውሮፕላኖች በኢትዮጵያ ሰማይ እንደ ልብ ይበሩ ነበር፤ የሌላ አገር አውሮፕላን ግን ያለ ብሪታንያ ጦር ፈቃድ እንዳይገባ ተወስኖ ነበር። በጦርነቱ ጊዜ ለወዳጅ በደስታ የተከፈተው ሜዳ ከጦርነቱ በኋላ የድርድር ዕቃ ሆነ ማለት ነው። ታኅሣሥ 10 ቀን 1937 ዓ.ም የተፈረመው ሁለተኛው ስምምነት ከእነዚህ ገደቦች ብዙዎቹን አነሣ። ከአንድ ዓመት በኋላ፣ በታኅሣሥ 1938 ዓ.ም የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከአንድ የአሜሪካ አየር መንገድ ጋር በተደረገ ውል ተቋቋመ፤ መጋቢት 30 ቀንም የመጀመሪያ በረራውን በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ አደረገ። በቀጣዮቹ ዓመታት አውሮፕላኖቹ እንደ ደብረ ማርቆስና ሞጣ ባሉ የጎጃም ከተሞችም በሣር ሜዳ ላይ ያርፉ ጀመር። በሣር ሜዳ ማረፍ ለዚህ አገር አዲስ አልነበረም።

ዊንጌት ከኢትዮጵያ በኋላ ወደ በርማ ተልከው ነበር። በየካቲት 1936 ዓ.ም ከጃፓን ጦር ጀርባ በጫካ መካከል በተመነጠሩ ሜዳዎች ላይ ብዙ ሺህ ወታደር በአውሮፕላን አወረዱ። በጠላት መካከል ባለ ያልተሠራ ሜዳ ማረፍ ምን እንደሚመስል ከሦስት ዓመት በፊት በሰከላ አይተውት ነበር። በመጋቢት 1936 ዓ.ም ሕንድ ውስጥ በአውሮፕላን አደጋ ሞቱ፤ 41 ዓመታቸው ነበር። አዲስ አበባ ውስጥ ስማቸውን የያዘው ትምህርት ቤት መታሰቢያቸው ሆነ።

ሳንድፎርድ ረጅም ዕድሜ ኖሩ። በአገር ግዛት ሚኒስቴር በአማካሪነት፣ በ1930ዎቹ መጨረሻ ደግሞ በአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት በዋና ዳይሬክተርነት አገለገሉ። ባለቤታቸው ክሪስቲን ትምህርት ቤቱን መሠረቱ፤ ስለ ኢትዮጵያም መጻሕፍት ጻፉ። ሳንድፎርድ ከመንግሥት ሥራ ሲሰናበቱ ወደ እንግሊዝ አገር አልተመለሱም፤ ወደ ሙሎ እርሻቸው ሄዱ። በ1964 ዓ.ም በ89 ዓመታቸው ዐረፉ፤ ባረሱትም መሬት ተቀበሩ። ከሦስት ዓመት በኋላ፣ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም በወጣው አዋጅ የገጠር መሬት ሁሉ የሕዝብ ሆነ፤ የሙሎ እርሻም የዚያ ለውጥ አካል ነበር።

የጎጃም ሕዝብ ለነጻነት የከፈለው ዋጋ ሲወሳ የሚጠሩት የጦር አለቆችና የውጊያ ቦታዎች ናቸው። የሰከላው ሜዳ ግን ሌላም ነገር ያስታውሳል። ያች አውሮፕላን ያረፈችው ሁለት ደጃዝማቾች ቂማቸውን ወደ ጎን ትተው ስለተስማሙ፣ ባላገሩ እንግዳውን ስላልሸጠ፣ ገበሬውም በቅሎውንና እህሉን ስላላጓደለ ነው። ከእነዚህ አንዱ ቢጎድል ሳንድፎርድ ያወቁት የአገር ልማድ፣ የኮሊስም ድፍረት ከንቱ በሆነ ነበር። በዚያ ደጋ የደረሰውን መከራና የተደረገውን ዕርቅ ያዩ ዓይኖች አብዛኞቹ ተከድነዋል፤ ታሪኩን ከአያት የሰማ ሰው ለልጁ ሊነግረው የሚገባው ይህን ነው።